በቅዳሜው ጨዋታ ያተረፈው

አዳማ፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፦ ባሏን ቸርነትን ጥላ ከወጣች ሦስት ወር የሆናት ስመኝ በተጠጋችበት በታላቅ ወንድሟ በአሰግድ ሳሎን ውስጥ ናት፤ ቸርነት የላካቸው ሽማግሌዎች ሊደርሱ ጥቂት ቀርቷቸዋል፣ እሷም ወንድሟን ይዛ ትሟገታለች።

ስመኝ፦ አንድ ቃል ብቻ ነው የምለምንህ ጋሼ። «አይሆንም» በላቸው። ከዚያ ለስላሳቸውን ጠጥተው ይሂዱ።

አሰግድ፦ ሽማግሌ እኮ ነው ስመኝዬ። ገና ሳይቀመጡ አይሆንም ይባላል እንዴ?

ስመኝ፦ እሺ፣ ሲቀመጡ በላቸው።

አሰግድ፦ መጀመሪያ የሚሉትን እንስማ። ሰው አጥፍቶ ይቅርታ ሲጠይቅ እኮ...

ስመኝ፦ ቆይ፣ ቆይ። አንተ ነህ ይህን የምትለው? አይሱዙ ይዘህ መጥተህ አልጋዬን ፈተህ የጫንከው ሌላ ሰው ነው? «ከቁማርተኛ ጋር ዕድሜሽን አትፍጂ» ያልከኝስ ማን ነበር?

አሰግድ፦ ያን ጊዜ ተናድጄ ነበር።

ስመኝ፦ አሁን በረደልህ?

አሰግድ፦ አሁን ሳስበው፣ ቸርነት ክፉ ሰው አይደለም።

ስመኝ፦ ክፉ ነው አልኩ እንዴ እኔ? ክፉ ቢሆን እንዴት ይሻለኝ ነበር! ክፉ ባል ጥሎ ለመውጣት እግር አይከብድም። እኔ እኮ ትቼው በወጣሁበት ዋዜማ እንኳ ልጃችንን ሶስናን ቁጭ አድርጎ ክፍልፋይ ያስጠናት ነበር። ግን በል ፍረድ፤ ትልቅ ሰው፣ የሒሳብ አስተማሪ፣ የኮንዶሚኒየማችንን ቅድመ ክፍያ በአንድ ቅዳሜ ካርታ ላይ ጨርሶ ይመጣል? ዘጠኝ ዓመት ነው የቆጠብነው። ዘጠኝ ዓመት አዲስ ጫማ ስገዛ እንኳ የሰረቅኩ ይመስለኝ ነበር።

አሰግድ፦ አውቃለሁ።

ስመኝ፦ አታውቅም! አንተ በስልክ ነው የሰማኸው፤ እኔ ፊቱን አይቻለሁ። ገባ፣ ጫማውን አወለቀ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለና «አልቋል» አለኝ። «ምኑ?» ስለው «ሁሉም» አለኝ። በቃ። አልጮኸ፣ አላለቀሰ።

አሰግድ፦ ማን እንደበላው ነገረሽ?

ስመኝ፦ «ሰዎች» አለኝ። ምን ይሠራልኛል? ሰዎቹን አላውቃቸው። እኔ የማውቀው ባሌን ነው፤ የተጣላሁትም ከእሱ ጋር ነው።

አሰግድ፦ ከሚመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ጋሽ ሽብሩ ናቸው።

ስመኝ፦ የትኛው ሽብሩ? ያ ጡረተኛው የባቡር ሠራተኛ እንዳይሆን ብቻ!

አሰግድ፦ እሳቸው ናቸው።

ስመኝ፦ ጉድ! ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቱ ካርታ የሚያጫውተው ሰውዬ? ባሌን ሳሎኑ ውስጥ አስበልቶ ሲያበቃ ደግሞ ነጠላውን አጣፍቶ ሊያስታርቀኝ ይመጣል? ይምጣ! የልቤን ነው የምነግረው። ግን ጋሼ፣ አንተ ሰውዬውን የት ታውቀዋለህ?

አሰግድ፦ ቁጭ በይ።

ስመኝ፦ ቆሜ ይሰማኛል።

አሰግድ፦ እሳቸው መጥተው ከሚያወጡት ከእኔ አፍ ብትሰሚው ይሻላል። እኔም እዚያ እሄዳለሁ። እሄድ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ።

ስመኝ፦ አንተ ቅዳሜ ሞጆ አይደለም እንዴ የምትሄደው? ለሱቅህ ጎማ ልታራግፍ?

አሰግድ፦ ለጎማ ሞጆ ሄጄ አላውቅም።

ስመኝ፦ ትጫወታለህ?

አሰግድ፦ ፖከር። አምስት ሆነን።

ስመኝ፦ ከቸርነት ጋር?

አሰግድ፦ ከቸርነት ጋር።

ስመኝ፦ እሺ። ቆይ እንግዲህ ልቀመጥ። አንተም ተበልተሃል ማለት ነው? ሰሞኑን እንቅልፍ ያጣኸው ለዚህ ነው? ንገረኝ፣ አልቆጣህም። ሱቁን አስይዘሃል?

አሰግድ፦ አልተበላሁም።

ስመኝ፦ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ቸርነትም ሦስት ዓመት ሙሉ «ዛሬ እኩል ወጣሁ» እያለኝ ነው የገባው።

አሰግድ፦ እኔ አትርፌያለሁ ስመኝ።

ስመኝ፦ ከቁማር?

አሰግድ፦ ፖከር እንደ ሌላው ቁማር አይደለም። ካርታው ለሁሉም ይመጣል፣ ለሁሉም ይጠፋል። ትዕግሥት ያለው፣ ካርታውን መጣል ሲገባው ጥሎ ከዙሩ የሚወጣ ሰው...

ስመኝ፦ ተወኝ እባክህ! ይህንን ይህንንማ ባሌም በሶስና ደብተር ጀርባ ላይ እየጻፈ አሳይቶኛል። ዕድሉን በመቶኛ አስልቶ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮበት። ሒሳብ እያስተማረ የሚኖረው ሰው ያልሆነለት፣ በሒሳብ ሁለት ጊዜ የወደቅከው አንተ እንዴት ሆነልህ?

አሰግድ፦ ዋናው ስሌቱ አይደለም፤ ሰው ማየት ነው። እውነቱን ልንገርሽ? የሰው ቤት ጨዋታ አያዋጣም። ከእያንዳንዱ ዙር ጋሽ ሽብሩ የቤቱን ድርሻ ያነሳሉ። ቢራው አለ፣ ጥብሱ አለ። አምስታችንም እኩል የምንችል ብንሆን፣ ገንዘቡ ከአንዱ ወዳንዱ ሲዞር ይውልና ሲመሽ አትርፈው የሚያድሩት ባለቤቱ ብቻ ናቸው።

ስመኝ፦ አትርፌያለሁ አላልክም እንዴ አሁን?

አሰግድ፦ የሚተረፈው ከመካከል አንድ የማይችል ሰው ሲኖር ነው። ማቆም የማያውቅ፣ ልቡ ፊቱ ላይ የሚነበብ። እንደዚያ ዓይነት ሰው ካለ የቀረው ሁሉ ከእሱ ላይ ነው የሚያነሳው።

ስመኝ፦ ማነው ሰውዬው?

አሰግድ፦ ስመኝዬ...

ስመኝ፦ ማነው አልኩህ!

አሰግድ፦ ጥሩ ካርታ ሲይዝ አፍንጫውን ያልበዋል። ሁላችንም እናውቃለን። አፍንጫው ሲያልበው እንጥላለን፣ ሳያልበው ሲያስይዝ እንገባለን። ለእሱ የነገረው የለም።

ስመኝ፦ ስሜን የጠየቀኝ ቀንም አፍንጫውን አልቦት ነበር። ታክሲ ተራ ቆመን። መሀረቡን አውጥቶ ጠርጎ ሳይጨርስ ነው የወደድኩት። እኔ ያንን አይቼ አገባሁት፤ አንተ ያንኑ አይተህ ኪሱን አጠብክ?

አሰግድ፦ ብቻዬን አይደለሁም።

ስመኝ፦ ሌሎቹ ወንድሞቼ አይደሉም። ካርታ ይዞ የማያውቅ ሰው እኮ ነበር! ማን አስተማረው?

አሰግድ፦ እኔ ነኝ። በእማዬ ለቅሶ።

ስመኝ፦ በእማዬ ለቅሶ?

አሰግድ፦ ወንዱ ሁሉ ድንኳን ውስጥ ካርታ እየተጫወተ ሲያስተዛዝነን፣ እሱ ጥግ ይዞ ያለቅሳል። ከእኛ ከልጆቿ ይበልጥ አለቀሰ። አሳዘነኝ። ና ግባ፣ ሐሳብህን ያስረሳሃል አልኩትና አጠገቤ አስቀመጥኩት።

ስመኝ፦ አስታውሳለሁ። በሁለተኛው ቀን ውኃ ይዤ ስገባ እየሳቀ ነበር። ወንድሜን እግዜር ይስጠው ብዬ መርቄህ ወጣሁ።

አሰግድ፦ የሳቀው አሸንፎ ነው። ደስ እንዲለው ብዬ እያወቅኩ ለቀቅኩለት። ጥሩ ካርታ ይዤ ሁለት ሦስቴ ጣልኩለት። ሳንቲም ነበረች፣ የክብሪት መግዣ። እሱ ግን እውነት የቻለ መሰለው። ለቅሶው ሲያበቃ «ሌላ ጊዜስ የት ነው የምትጫወቱት?» አለኝ። ወሰድኩት።

ስመኝ፦ ወስደህስ? እዚያም ጣልክለት?

አሰግድ፦ እዚያ ለሰው ብሎ የሚጥል የለም።

ስመኝ፦ የቤታችንን ገንዘብ የበላው ማነው? እውነቱን ንገረኝ።

አሰግድ፦ በመጨረሻው ዙር የቀረነው እኔና እሱ ነበርን።

ስመኝ፦ ምን ገንዘብ እንደሆነ ታውቅ ነበር?

አሰግድ፦ ባንክ እንዳሰረው ነው ከኮቱ ኪስ ያወጣው። አውቄያለሁ። አፍንጫው ደግሞ ደረቅ ነበር።

ስመኝ፦ እያወቅክ እንዴት እጅህ ተዘረጋ?

አሰግድ፦ ካርታ ይዘሽ ስትቀመጪ ገንዘቡ የማን እንደሆነ አይታይሽም። ኋላ ነው የሚታይሽ። በማግሥቱ ልመልስለት አስቤ ነበር።

ስመኝ፦ አስበህ ነበር።

አሰግድ፦ እሑድን ሙሉ አሰብኩ። ሰኞ ጎማው መጣ፣ አምጪው ክፈለኝ ብሎ ሱቁ ደጃፍ ቆመ። ለአንድ ሳምንት ብዬ ከገንዘቡ ላይ ነካሁለት።

ስመኝ፦ ማክሰኞ ደግሞ አይሱዙ ይዘህ መጥተህ ከቁማርተኛ አዳንከኝ!

አሰግድ፦ ፊቱን ማየት አቃተኝ ስመኝ። አንቺ ቤት በመጣሁ ቁጥር ከመቀመጫው ተነሥቶ «ጋሼ፣ እዚህ ይመችሃል» እያለ ወንበሩን ይለቅልኛል። አንቺ ከዚያ ቤት ከወጣሽ እኔም ደጁን አልረግጥም ብዬ ነው። ይኸው፣ ተናገርኩት።

ስመኝ፦ የሶስናን ትምህርት ቤት የከፈልክልኝስ? ስታከም የሆስፒታሉን? በየወሩ «ወንድም ለመቼ ነው» እያልክ እጄ ውስጥ የምታስጨብጠኝስ?

አሰግድ፦ ከዚያው ነው። እኔ ባልበላው ሌሎቹ ይበሉታል፤ እኔ ጋ ከገባ ቢያንስ ዞሮ ወደ ቤትሽ ይመለሳል ብዬ ነው። እማዬን! እንደዚያ ነበር ያሰብኩት።

ስመኝ፦ በሞተች እናት አትማል። ሁሉንም መለስከው?

አሰግድ፦ ሁሉንም አልልሽም።

ስመኝ፦ ግማሹን?

አሰግድ፦ ሱቁን አስፋፋሁ። ግማሹንም አይሆን።

ስመኝ፦ ወይኔ! ወይኔ ስመኝ! የባሌን ደሞዝ ከአንተ እጅ እየተቀበልኩ ጉልበትህን ስስም ኖሬያለሁ። ከዚያ ቤት ገብቼ ምን እንደምለው ታውቃለህ? «ምናለ እንደ ወንድሜ ሰው በሆንክ» እለዋለሁ። በየወሩ! ብሩን ፊቱ እየቆጠርኩ! አንድ ቀን ቀና ብሎ አልመለሰልኝም። አጎንብሶ የተማሪዎቹን ደብተር ያርማል። እኔ ደግሞ ኀፍረቱ ነው ብዬ የባሰ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ፣ ጎረቤት እንዲሰማ። ለምን አልነገረኝም? አንድ ቃል ቢለኝ ምን ነበረበት?

አሰግድ፦ ዕቃሽን የጫንን ቀን ይነግራታል ብዬ ልቤ ተሰቅሎ ነበር። ጠጋ አለኝና፣ «ጋሼ፣ አደራ እንዳትነግራት። እናት የላት፣ አባት የላት፤ ካንተ ሌላ ወንድም የላት። ሁለታችንንም በአንድ ቀን አትጣ» አለኝ።

ስመኝ፦ አንተስ ምን አልከው?

አሰግድ፦ ፍራሹን አነሣሁ። እሱም በሌላው በኩል ይዞ አብሮኝ ጫነው።

ስመኝ፦ የገዛ አልጋውን።

አሰግድ፦ ከዚያ ወዲህ ጋሽ ሽብሩ ቤት አልመጣም። ጨዋታውም ሦስት ቅዳሜ አልቆየም። አራታችን ተቀምጠን ተፋጠጥን፤ አንዱ ሲጥል ሌላው ይጥላል፣ የሚገባ ሰው የለም። ጋሽ ሽብሩ «እናንተ ልጆች፣ ለካ ስንኖር የነበረው በዚያ አስተማሪ ነው» አሉና ካርታውን ሰበሰቡት። ሰሞኑን ቸርነት ጋ ሄደው ሽማግሌ ልሁንልህ ያሉት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ሁሉንም ነው የሚያወጡት።

ስመኝ፦ ስለዚህ የነገርከኝ ሊያጋልጡህ ስለሆነ ነው። እሳቸው ባይመጡ አትነግረኝም ነበር?

አሰግድ፦ አላውቅም። እውነት ልበልሽ? አልነግርሽም ነበር መሰለኝ።

ስመኝ፦ እኔም ቸርነትን ሳልጠይቅ «አይሆንም» ብዬ አሰናብተው ነበር። ሶስናም አባቷን በበዓል በበዓል እያየች ታድግ ነበር።

አሰግድ፦ ሱቁን እሸጣለሁ። የቤቱን ገንዘብ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም እመልሳለሁ። በሶስና ስም አስገባዋለሁ።

ስመኝ፦ ግዴታህ ነው፤ ስለ እሱ አላመሰግንህም። የበሩ ደወል ነው። መጡ።

አሰግድ፦ ምን ልበላቸው? የቤተሰቡ ታላቅ እኔ ነኝ፣ ከእኔ ነው መልስ የሚጠብቁት።

ስመኝ፦ መልሱን እኔ እሰጣለሁ። አንተ በሩን ክፈትና ቆመህ ስማ። ባሌ አልጸደቀም፤ ገንዘቡን ከኪሱ አውጥቶ ያስቀመጠው እሱ ነው፣ ያንን ቤታችን ገብቼ ለብቻው እነግረዋለሁ። ይቅርታውን ግን ዛሬ የምጠይቀው እኔ ነኝ። የልጄን ልብስ በፌስታል ይዤ ከሽማግሌዎቹ ጋር ነው የምወጣው።

አሰግድ፦ እኔስ ስመኝዬ? እኔን እንዴት ታደርጊኛለሽ? ከአንቺ ሌላ ማን አለኝ?

ስመኝ፦ ሲደወል ክፈት እንጂ፣ ሰዎቹ ፀሐይ ላይ ናቸው።

አሰግድ፦ እከፍታለሁ። አንድ ነገር በይኝ ብቻ። ሽማግሌ ብልክብሽ ትሰሚኛለሽ?

ስመኝ፦ ቸርነትን ለምነህ ከላክኸው እሰማለሁ አሰግድ። ሌላ ሰው አትላክብኝ።