ለለቅሶ የተከፈተው ካሜራ

(ድሮ የተሰማ ነው፤ ቃሉ ሁሉ በልኩ አይታወስም። ደሴ፣ አከራዩ ጋሽ ሸዋንግዛውና ተከራይዋ ትርንጎ ከግቢው ካሜራ ሥር ቆመው።)

ትርንጎ፦ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ወይ ይዝጉት ወይ ፊቱን ወደ በሩ ያዙሩት!

ሸዋንግዛው፦ ደግሞ ጀመርሽ። ለሌባ ነው የሰቀልኩት አልኩሽ እኮ።

ትርንጎ፦ ሌባ በቧንቧው በኩል ይመጣል? እዚያ ጸጉሯን የምትታጠበው ልጄ ናት! ትናንት ታክሲ ተራ አንድ የማታውቀው ጎረምሳ «ቢጫዋ ፎጣ ታምርብሻለች» አላት። ይኸው ከቤት አልወጣም ብላ ተኝታለች።

ሸዋንግዛው፦ በበሩ ሽንቁር አጮልቆ ይሆናላ።

ትርንጎ፦ በስልኩ ነው ያያት! አዙሮ አሳያት እኮ። ግቢው፣ ቧንቧው፣ ሁሉም ኢንተርኔት ላይ ተዘርግቷል። ለመሆኑ የይለፍ ቃል አለው?

ሸዋንግዛው፦ በእማዬ ለቅሶ ጊዜ የይለፍ ቃሉን አጥፍቼዋለሁ። ውጭ ያለው ዘመድ ድንኳኑን እያየ እንዲያለቅስ ብዬ።

ትርንጎ፦ ድንኳኑ ከተነሳ ስንት ጊዜው! አጥሩ ላይ ጠርሙስ ሰክተው፣ በሩን ቀርቅረው፣ ግቢውን ለዓለም ክፍት! እንዲህም ጥበቃ የለ።

ሸዋንግዛው፦ አንቺ ሴት፣ ተከራይ መሆንሽን ረሳሽው?

ትርንጎ፦ ቤት ባይኖረኝ ልጅ አለኝ። ያዙሩት፣ አለቀ!

ሸዋንግዛው፦ ካዞርኩት እማዬ ትቀመጥበት የነበረው መደብ አይታይም።

ትርንጎ፦ ለማን?

ሸዋንግዛው፦ ቤይሩት ላለችው እህቴ፣ ለአስካለ። ጠዋት ጠዋት ስልኬ ሰው እየተመለከተ ነው ይለኛል። እሷ ናት።

ትርንጎ፦ ታዲያ የይለፍ ቃል ያውጡና ለእሷ ብቻ ይንገሯት።

ሸዋንግዛው፦ በምን አፌ? የእማዬን መታመም ደብቄ፣ መርዶውን ከቀብር በኋላ አስነገርኳት። «ሁለተኛ እንዳትደውልልኝ» ብላ ዘጋችብኝ። ከዚያ ወዲህ የሚያገናኘን ይኼ ካሜራ ብቻ ነው።

ትርንጎ፦ እና ለእናንተ ኩርፊያ የእኔ ልጅ ትራቆት?

ሸዋንግዛው፦ እንዲያ አልወጣኝም።

ትርንጎ፦ እስቲ ስልክዎን ያውጡት። አሁን ስንት ሰው ያያል ይላል?

ሸዋንግዛው፦ ቆይ፣ መነጽሬን... ሠላሳ ሰባት።

ትርንጎ፦ እናትዎ ስንት ወለዱ?

ሸዋንግዛው፦ ሁለት። እኔንና አስካለን።

ትርንጎ፦ ሌሎቹ ሠላሳ ስድስት የማን ልጆች ናቸው?

ሸዋንግዛው፦ የእግዚአብሔር ያለህ! በየት ነው የሚዘጋው? አሳይኝ!

ትርንጎ፦ እዚህ ጋ አዲስ የይለፍ ቃል ይጻፉ። የእናትዎን ስም እንዳያደርጉት፣ እሱን ዕድርተኛው ሁሉ ያውቀዋል።

ሸዋንግዛው፦ ጻፍኩ። ተመስገን፣ ማንም የለም አለ... አስካለም?

ትርንጎ፦ እሷም። አሁን ጨልሞባታል። በሩን ደግሞ ዘጋብኝ ነው የምትለው።

ሸዋንግዛው፦ እንዲያማ አትልም። እደውልላታለሁ፣ አሁኑኑ። ብትሰድበኝም እስክትጨርስ እሰማታለሁ፤ አንቺ ብቻ እዚሁ ቁሚልኝ።