የቅርንፉዱ ቆርቆሮ

ፀጉር አስተካካዩ ወጣቱን ነርስ ሳያስበው ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ አገኘው። ገና ሰላም ሳይለው ዓይኑ ማጅራቱ ላይ አረፈ። ሠላሳ ዓመት ሰው ሲላጭ የኖረ የሌላ መቀስ ሥራ አይጠፋውም፤ ያውም ጠማማ! ይህን ልጅ ከመጀመሪያ ፀጉሩ ጀምሮ የቆረጠው እሱ ነው።

"ማጅራትህን የቆረጠው ሰው ነው ወይስ አይጥ?" አለው እየሳቀ፤ በልቡ ግን አዝኗል። "ምን በደልኩህ ልጄ? አራት ወር ሙሉ ጠፋህብኝ።"

"ኧረ ጋሼ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው።"

"ሥራ የበዛበት ሰው ሌላ ቤት ሄዶ አይቆረጥም። እውነቱን ንገረኝ።"

ነርሱ አንገቱን ደፋ። "እንግዲህ እንዳይቀየሙኝ። ሲላጩኝ ትንፋሼን ይዤ ነበር የምቆየው። ፊቴን የሚያለብሱኝ ፎጣ እንኳ ሲጋራ ሲጋራ ይላል። በመጨረሻው ቀን ደግሞ ምላጩን እንዳሳረፉ ሳልዎ መጣ።" አገጩ ሥር ያለችውን ቀጭን ጠባሳ ነካት።

ፀጉር አስተካካዩ ጠባሳዋን አወቃት። ያን ቀን "ብጉር ነው" ብሎ አልኮል ቀብቶ ሸኝቶት ነበር። አሁን ፊቱ እስከ ጆሮው ጋለ።

"ሲጋራ? እኔ ሳጨስ ማን አየኝ?"

እርግጥ ማንም አላየውም። ሱቁ የመኖሪያ ቤቱ የፊት ክፍል ነው፤ ፎጣዎቹ በሚደርቁባት ጓዳ ገብቶ፣ በር ዘግቶ ያጨስና ከኪሱ ትንሽ ቆርቆሮ አውጥቶ ሁለት ፍሬ ቅርንፉድ ያኝካል። በቃ፣ ተደበቀ! ሚስቱን ሳይቀር ሃያ ዓመት ያታለለ ይመስለዋል።

"ይቅር ይበሉኝ ጋሼ፤ ሰፈሩ የሚጠራዎት 'ጋሽ ቅርንፉድ' እያለ ነው።"

ወይ ጉድ! መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ሰው ሲያፍር ይከራከራል፤ እሱም ተከራከረ። "አባቴ እያጨሰ ሰማንያ ዓመት ኖሯል። የኔ ሳል ብርድ ነው።"

"አባትዎ ዕድለኛ ነበሩ። እኔ ግን በየቀኑ የማየው ሰማንያ የማይደርሱትን ነው። ሲጋራ የደም ሥር ያጠባል፣ ልብ ያደክማል፣ ለካንሰር ያጋልጣል። ቅርንፉድ አፍንጫን ያታልል ይሆናል፤ ሳንባን ማን ያታልለዋል? ጭሱም ለእርስዎ ብቻ አይቀርም፤ አብሮዎት ለሚተነፍስ ሁሉ ይደርሳል። እትዬን ባለፈው ቅመም ሱቅ አገኘኋቸው፤ ሲያስሉ ሰማሁ።"

"ምን ልትገዛ ሄዳ?"

"ቅርንፉድ። 'ባለቤቴ ቆርቆሮው እንዳያልቅበት' አሉኝ።"

ፀጉር አስተካካዩ እጁ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ቆርቆሮው ለምን እንደማይጎድል በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ጠይቆ አያውቅም።

"አሁን ብተወውስ ምን ይጠቅማል?" አለ ድምፁ ደክሞ። "የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።"

"የቀረውን ማዳን ግን ይቻላል። ካቆሙ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ትንፋሽ ይቀላል፣ ሳል ይቀንሳል፤ ዓመት ሲሞላ የልብ ሕመም ሥጋቱ በግማሽ ያህል ይወርዳል። ብቻዎን አይታገሉ። ነገ ጤና ጣቢያ ይምጡ፣ የሚያማክር አለን።"

ፀጉር አስተካካዩ ዳቦውን ሳይገዛ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሚስቱ ፎጣ ስታሰጣ አገኛትና ቆርቆሮውን ፊቷ አስቀመጠው።

"ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"አንተ እንዳላፍርብህ ስትደበቅ፣ እኔ እንዳላሳፍርህ ስሞላልህ፣ ይኸው ዕድሜያችን ሄደ" አለችና ሳል አቋረጣት። አጭሳ የማታውቅ ሴት! ሳሏ እስኪያባራ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

"ከእንግዲህ ቅርንፉዱን ለሻይ አድርጊው" አለና ፎጣውን ተቀብሎ ውጭ ፀሐይ ላይ አሰጣው።

ጤና ጣቢያ መመላለስ ጀመረ። እንዲህ በቀላሉ ተገላገለ እንዳልል ሁለት ጊዜ ወደ ሲጋራው ተመልሷል፤ ሁለቱንም ጊዜ ግን ራሱ ለሚስቱ ተናገረ። በስድስተኛው ወር ደረጃ ሲወጣ ማለክለኩ ቀረ፣ የእሷም ሳል ረገብ አለ፣ ምላጩም በእጁ ጸና።

አንድ ቅዳሜ ነርሱ መጥቶ ወንበሩ ላይ ጋደም አለ። ፀጉር አስተካካዩ ሙቁን ፎጣ ፊቱ ላይ አለበሰውና ምላጩን ሳያነሳ ቆሞ ደረቱን ተመለከተ። ልጁ ትንፋሹን አልያዘም፤ ይተነፍስ ነበር።