ሰው ነኝ በል

(ወፍጮ ቤት ውስጥ፣ ረፋድ ላይ። በሩ በእህል ጆንያ ተደግፏል፤ ውጭ ድንጋይ የያዘ ሕዝብ ይጮኻል። ደምመላሽ፣ «አምላክ አደረብኝ» የሚለውን ታናሽ ወንድሙን ቢያድግልኝን አንቆ ከግድግዳው ጋር አጣብቆታል።)

ደምመላሽ፦ ሰው ነኝ በል! ሌላ አልጠየቅኩህም፤ በል!

ቢያድግልኝ፦ አንገቴን ልቀቀኝና ልናገር፣ ጋሼ።

ደምመላሽ፦ አምላክ በአንገት ነው እንዴ የሚተነፍሰው?

ቢያድግልኝ፦ ሥጋ ለብሶ የለ!

ደምመላሽ፦ የቱን ሥጋ? ይሄን? ትናንት ሽሮ በቃሪያ በልቶ ቃር ሲያቃጥለው የዋለውን? ሰማይና ምድር የማይችሉት ጌታ አንተ ውስጥ ገባ?

ቢያድግልኝ፦ በድንግል ማኅፀን አልተወሰነም? ማኅፀኗ ጠበበው?

ደምመላሽ፦ እሷን በዚህ አፍህ አታንሳ! እንካ!

ቢያድግልኝ፦ ጥርሴን… ጥርሴን አወለቅከው።

ደምመላሽ፦ ይሄ ምንድነው? ደም አይደለም?

ቢያድግልኝ፦ እሱንስ በጦር ሲወጉት ምን ወጣው? ወተት?

ደምመላሽ፦ ወይ አንተ ልጅ! ጣራው ላይ ድንጋይ እየዘነበ ይቀልድብኛል።

ቢያድግልኝ፦ ምን ላድርግ፣ አደረብኝ።

ደምመላሽ፦ አደረ? ነግቷል፣ ሸኘው! ስማኝ። ትርንጎ ትናንት ተቀበረች። መድኃኒትሽን ጣዪ፣ እጄ ይበቃሻል ያልካት አንተ ነህ። አባቷ አቶ ይርዳው መጥረቢያ ይዞ በር ላይ ቆሟል። ሰው ነኝ፣ ተሳሳትኩ፣ ይቅር በለኝ ብትለው ይበርድለታል።

ቢያድግልኝ፦ አልልም።

ደምመላሽ፦ ክንድህን እሰብረዋለሁ!

ቢያድግልኝ፦ ስበረው! … ኧረ ጋሼ! ኧረ!

ደምመላሽ፦ ሰው ነኝ በላ!

ቢያድግልኝ፦ አልችልም! አምላክ ከሆንኩ ወሰድኳት። ሰው ከሆንኩ ገደልኳት!

ደምመላሽ፦ ምን አልክ?

ቢያድግልኝ፦ ኪኒኑን ከእጇ ቀማኋት። ያመኛል እያለች፣ እያለቀሰች።

ደምመላሽ፦ ጣዪው አልኳት ነበር እኮ ያልከኝ።

ቢያድግልኝ፦ ቀማኋት። እናቷ እንኳን አላየችም። ያኔ ማንም አላደረብኝም ነበር፣ ጋሼ። ውስጤ ባዶ ነበር፤ ባዶ መሆኑን እያወቅኩ ቀማኋት። በቃኝ። ጆንያውን አንሳው፣ ለአባቷ እነግረዋለሁ።

ደምመላሽ፦ ቆይ! በሩን አትንካ! ይሄን ሰምቶ የሚተውህ ይመስልሃል?

ቢያድግልኝ፦ ሰው ነኝ በል ስትለኝ አልነበር? ሰው ነኝ። አቶ ይርዳው! መጣሁ፣ እየወጣሁ ነው!

ደምመላሽ፦ ቢያዴ፣ በእናታችን አጥንት! አብዷል እላቸዋለሁ፣ አስሬ ጸበል እወስደዋለሁ እላቸዋለሁ፤ አምላክ ነኝ በል! አምላክ ነኝ በላቸው!