ኪስ የገባው ቢሮ

ከደሴ ወደ ሐይቅ በሚሄደው ሚኒባስ የቀበሌያችን ጸሐፊ አጠገቡ ለተቀመጡ አሮጊት ስልኩን ያሳያል።

«ኮምፒውተራችን በጦርነቱ ተዘረፈ። አሁን ደብዳቤውንም ሰንጠረዡንም በዚህ ስልክ ባለው ፕሮግራም ነው የምሠራው።»

«ፕሮግራሙ የማነው?»

«የሁሉም ነው፣ እማማ። ባለሙያዎች ተባብረው ሠሩት፤ የፈለገ በነጻ ይጠቀምበታል፣ የቻለ ያሻሽለዋል።»

«ለቅሶ ሲኖር ሁሉ እንደሚያበስልበት እንደ ቅሬያችን ድስት በለኛ።»

«ይሄ ይሻላል፤ እንደ ድስቱ ሳያጥብ የሚመልሰው የለም። ቢሮዬ እንግዲህ ኪሴ ውስጥ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ። ለተቃጠለው ቤቴ ስታመላልሰኝ የከረምክበትን ማስረጃ እዚሁ ጻፍልኛ።»

«ዛሬ እሁድ ነው፣ እማማ። ነገ ይመለሱ።»

«ወደ የትኛው ኪስህ ነው የምመለሰው?»

ከኋላቸው የተቀመጥኩት እኔ የራሴን ማመልከቻ ቀስ ብዬ ከቦርሳዬ አወጣሁ።