የእትዬ ሚዛን ዘንቢል

እኅታችንን ለመሸኘት የተሰበሰባችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች፣ ቤተሰቡ ለእኔ ለታናሽ ወንድማቸው ሰጥቶ የሚያስነብበኝ የሕይወት ታሪካቸው ይህ ነው።

እኅታችን ከሰዓት ጠጋኝ አባታቸውና ከሆስፒታል ልብስ አጣቢ እናታቸው የበኩር ልጅ ሆነው የተወለዱ ሲሆን፣ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ፈሪ ነበሩ፤ ሙት ወቃሽ እንዳልባል፣ ራሳቸውም ሲስቁበት የኖሩት ነገር ነው። ወተት ሳያሸቱ አይጠጡም፣ ውኃም ወደ ብርሃን አንሥተው ሳያዩ አይጎነጩም ነበርና፣ አባታችን ይህች ልጅ የእናቷን ጡት እንዴት አምና ጠባች እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

ትምህርታቸውን በትጋት ተከታትለው በኬሚስትሪ ከተመረቁ በኋላ በከተማው የምግብ መመርመሪያ ላብራቶሪ ተቀጥረው፣ በሱቆች በሚሸጠው ፍራፍሬ ውስጥ እንደ እርሳስና ካድሚየም ያሉ፣ አንዴ ከገቡ በቀላሉ የማይወጡ መርዘኛ ብረቶች መኖር አለመኖራቸውን በመመርመር እስከ ጡረታቸው አገልግለዋል። ፍሬውን ከትፈው፣ አድርቀውና በአሲድ አሟሙተው ለመለኪያው መሣሪያ ከማቅረባቸው በፊት ዕቃውን ሁሉ ደጋግመው ያጥቡ ነበር፤ በእጃቸው አቧራ የተነሣ ንጹሕ ነጋዴ እንዳይወነጀል ይፈሩ ነበርና። በዚሁ ዘመን ከአውቶቡስ ሹፌር ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል፤ ባለቤታቸውም እኔንም ያገባችኝ ናሙና ወስዳ ነው እያሉ እንግዳ ያስቁ ነበር።

ሰፈሩ ግን በስማቸው ጠርቷቸው አያውቅም፤ እትዬ ሚዛን ነበሩ። ከሥራ ሲመለሱ ዘንቢላቸው ውስጥ ያለውን አይታ የማትገዛ እናት አልነበረችም፤ እሳቸው የገዙት ወዲያው ያልቃል፣ ያለፉት እዚያው ይበሰብሳል። ይህ እምነት እንደሚያስፈራቸው ቢናገሩም ሰሚ አላገኙም፤ የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ደረሰባቸው።

አንድ በጋ ከመንገዱ ማዕዘን ካለው ሱቅ የተወሰደ ወይን ሲመረመር የእርሳሱ መጠን ከተፈቀደው እጅግ በልጦ ተገኘ። የመሥሪያ ቤቱ ደንብ አንድ ውጤት በሁለተኛ ናሙና ሳይረጋገጥ ለማንም እንዳይነገር ያዝዛል፤ ነጋዴው ቀድሞ ከሰማ ወይኑን ይሸሽገዋል፣ የመርዙ ምንጭም ሳይታወቅ ይቀራል። መለኪያው መሣሪያ ደግሞ በዚያው ሰሞን ተበላሽቶ መለዋወጫ ይጠብቅ ነበር። እኅታችን ሳይገዙ ቢያልፉ ሰፈሩ በዕለቱ መንቃቱ አይቀርም ነበር፤ ስለዚህ እንደ ወትሮው ወይን እየገዙ፣ በዘንቢላቸው አፍ ላይ አድርገው በሰው ፊት እያለፉ፣ ቤት ሲደርሱ ልጆቻቸው ሳያዩ ይጥሉት ጀመር።

ከአጠገባቸው የሚኖሩት ልብስ ሰፊ ጎረቤታቸው ከምግብ ሁሉ ወይን የምትመርጥ ትንሽ ልጅ ነበረቻቸው። ልጅቷ ደጃፍ ተቀምጣ ፍሬውን አንድ በአንድ ስትበላ እኅታችን በመስኮት ያይዋት ነበር። እውነቱን መናገር ቢፈሩ፣ ወጥተው አካፍዪኝ ይሏት ጀመር፤ ቸር ልጅ ናትና ከዘለላዋ ግማሹን ትሰጣቸዋለች። እናትየው ይህን አይተው፣ ለካ ጎረቤቴ ወይን ትወዳለች ብለው የሚገዙትን አበዙ፤ ለእኅታችን ሙሉ ዘለላ ሲልኩላቸው የልጅቷም ድርሻ ከፊተኛው በለጠ። የወይኑ ወቅት ሊያልቅ ሲል ውጤቱ በተጠገነው መሣሪያ ተረጋግጦ፣ ወይኑ የበቀለው አሮጌ የመኪና ባትሪ ከሚቀለጥበት ግቢ አጠገብ መሆኑ ታወቀና ከሱቁ እንዲነሣ ተደረገ።

ባለቤታቸው ዝም አይነቅዝም ብለው መክረዋቸው ነበር። እሳቸው ግን ሄደው፣ እያወቁ ይገዙ እንደነበር ለልብስ ሰፊዋ ነገሯቸው። ልብስ ሰፊዋ የያዙትን ጨርቅ አጥፈው አስቀመጡና በሩን ዘጉት። የልጅቷ ደም ሲመረመር እርሳስ ተገኘበት፤ ምን ያህሉ ከወይኑ፣ ምን ያህሉ ከሌላ እንደመጣ ግን ሐኪሞቹም ሊለዩ አልቻሉም። ትምህርት ቤት ገብታ ማንበብ ሲዘገይባት፣ ስንቱ ልጅ ይዘገይ የለ ወይ ብሎ ያጽናናቸው ብዙ ነበር፤ እኅታችን ግን እርሳስ የልጅን አእምሮ እንደሚያዘገይ ያውቁ ነበርና አልተጽናኑም። ተመላልሰው እያንኳኩ በሩ ሲከፈትላቸው ልጅቷን ከሥራ መልስ ያስነብቧት ጀመር፤ አንድ ቃል ላይ በቆመች ቁጥር እሳቸው ትንፋሻቸውን ይይዙ እንደነበር ልብስ ሰፊዋ ራሳቸው ይናገራሉ። ልጅቷ ጎበዝ ጸጉር ሠሪ ሆና ትዳር ይዛለች፤ ጋዜጣም ታነባለች፣ ቀስ ብላ።

በመጨረሻ እኅታችን በልብ ሕመም አልጋ ላይ ሳሉ፣ ይህችው ልጅ ማርገዟን ልታበሥራቸው መጣች። ደስ ይላቸዋል ብለን ስንጠብቅ ፊታቸው አመድ መሰለ። በሕፃንነት የገባ እርሳስ በአጥንት ውስጥ ኖሮ፣ በእርግዝና ጊዜ ወደ ደም ተመልሶ ጽንሱ ዘንድ ሊደርስ እንደሚችል ያውቁ ነበር። ያን ዕለት ደንብ አልጠበቁም፤ የሚያውቁትን ሁሉ ነግረዋት ደሟን እንድትመረመር ለመኗት፣ እሷም እጃቸውን ይዛ እሺ አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ በነቁ ቁጥር የሚጠይቁት ውጤቱ መጣ ወይ ብለው ነበር፤ ሳይመጣም በስድሳ ስምንት ዓመታቸው በሞት ተለዩን።

እኅታችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ አንድ ወንድማቸውን፣ ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጠው የሚያለቅሱትን ልብስ ሰፊዋንና ልጃቸውን፣ ገና ያልተወለደውንም ሕፃን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ፍርሃት በሌለበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ነገ ያለ እሳቸው ሄደን ውጤቱን የምንሰማውን እኛንም ያጽናን። አሜን።