ከበረቱ ደጅ የተገኘው ወረቀት

ጋሽ ደበላ «ጎረቤቴ ሳፊያ ላሜ ላይ መተት አሠርታ ወተቷን አደረቀችብኝ» ይላሉ። ሳፊያ ደግሞ «ወተት ልገዛ ስገባ የማታ ትምህርቴ ወረቀት ከደብተሬ ወድቆ ነው» ትላለች። ሰፈሩ ያመነው ጋሽ ደበላን ነው። ያሳመንኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

በሰፈራችን እንግሊዝኛ ያለበት ነገር ሁሉ፣ የመድኃኒት ልጣፍም ቢሆን፣ እንዳነበው ለእኔ ይሰጣል። ጋሽ ደበላ ወረቀቱን ከበረታቸው ደጅ አግኝተው ያመጡልኝ ቀን ወደ ሥራ እየቸኮልኩ አየት አደረግኩና «ስለ ድግምት ነው» ብዬ ሄድኩ። በሳምንቱ የሳፊያን ልጆች የሚያጫውታቸው ጠፍቶ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ሳይ አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።

ትናንት የቃሊቲ ታክሲ ውስጥ ስገባ ባዶው ወንበር ከጋሽ ደበላ ጎን ሆነ።

«ጋሼ፣ ያን ወረቀት በደንብ አላነበብኩልዎትም። ቦርሳዬ ውስጥ ቀርቶ ኖሮ ማታ ደግሜ አነበብኩት።»

«ድግምት ነው አላልክም? እሁድ ከእድሩ አሰርዛታለሁ።»

«የቤት ሥራ ነው። ስፔል፣ ቻርም፣ ኢንቻንት የሚሉ ቃላት ናቸው። ድሮ ለጠንቋይ ሥራ ይነገሩ ነበር፤ ዛሬ ፈረንጆቹ ደስ ለሚል ሰው፣ ልብ ለሚነካ ዘፈን ይሏቸዋል። ሳፊያ ‹የልጄ ሳቅ ያፈዝዘኛል› ብላ ጽፋበታለች። መምህሯም በቀይ አርሞ ከአሥር ስምንት ሰጥቷታል።»

«ድግምት ይታረማል እንዴ?» ብለው ሊስቁ ከጀሉና ተዉት። «ታዲያ ላሜን ምን ነካት?»

«ፋጉሎ መስጠት ካቆሙ ስንት ጊዜ ሆነ?»

«ተወደደ እኮ! ከፋሲካ ወዲህ ገለባ ብቻ ነው።»

«ወተቱስ ከመቼ ወዲህ ቀነሰ?»

ኮፍያቸውን ወደ ዓይናቸው ጎተቱ። «ከፋሲካ ወዲህ።»

መተት ነው ከተባለ በኋላ ሐኪም የጠራላት፣ መኖዋን የጠየቀ አልነበረም። አንድ ሰው ቢጠይቅ ኖሮ ላሟ አትራብም፣ ሳፊያም ከጎረቤቶቿ አትለይም፤ ትምህርቷንም ያለ ስጋት ትቀጥል ነበር።

«እኔስ አልተማርኩም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አንተን አምኜ ነው የሰው ስም ያጠፋሁት።»

ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ።

«ይቅርታ እጠይቃታለሁ» አሉ ጋሽ ደበላ። «ግን በዚህ ዕድሜዬ፣ እድርተኛው ሁሉ ፊት፣ ብቻዬን...»

«ብቻዎን አይደሉም ጋሼ» አልኩ ጮክ ብዬ፤ ተሳፋሪው እስኪዞር ድረስ። «እሁድ ከእርስዎ በፊት የምቆመው እኔ ነኝ። ሳፊያ ባለችበት፣ ‹ሳላነብ አነበብኩ ያልኩት እኔ ነኝ› እላለሁ።»