ክንድ ሸንኮራ አይደለም

አባ ሴቬሪኖ፣ ይፍቀዱልኝ። ዶኛ ዶሚቲላ፣ እህቴ፣ ፍቀጂልኝ። የስኳር ፋብሪካው ሽማግሌዎች፣ የሰፈራችን እናቶች፣ የቡድናችን ልጆች፣ ከሳንቶ ዶሚንጎ ድረስ በዚህ ፀሐይ የመጣችሁ ዘመዶች፣ ሁላችሁም ፍቀዱልኝ።

እኔ ሂላሪዮ ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም። ወረቀትም አልያዝኩም፤ ብይዝ ለማራገቢያ ነበር። ግን ይህን ፊታችን የተኛውን ሰው፣ ኒካኖር ፖላንኮን፣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ቢኖር ሚስቱ ዶሚቲላ ብቻ ናት። እሷም በቤዝቦል ጉዳይ አታውቀውም። ስለዚህ እኔ ልናገር።

ወጣት ሆነን አንድ ማሳ ላይ ሸንኮራ ቆርጠናል። በኋላ እሱ የሸንኮራውን ባቡር ነዳ፤ እኔ ከገጀራዬ ጋር ቀረሁ። ልጁን ኦኔሲሞን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። አበልጄ ነው። አበልጅ ከወንድም ይበልጣል። ወንድምን እናትህ ትሰጥሃለች፤ አበልጅን አንተ ትመርጣለህ። እኔ መርጬዋለሁ፤ ቆጭቶኝም አያውቅም። ሳንጨቃጨቅ የዋልንበት ቀን ግን አላስታውስም።

በምን? በቤዝቦል ኳስ ወርዋሪ ነዋ! በሌላ በምን እንጨቃጨቃለን?

የዶሚቲላን ሱቅ የማያውቅ ማን አለ? በረንዳው ላይ አራት ወንበር አለ። አንድ የቢራ ሳጥን አለ። በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ፣ ውድድሩ ሳይጀመር፣ እዚያ እንሰበሰባለን። ቡድናችን ዘንድሮ የት ይደርሳል? የትኛው መቺ ይበረታል? የመጀመሪያውን ጨዋታ የሚከፍተው ወርዋሪ ማነው? እያንዳንዱ ሰው አንድ ስም ይጠራል። የተሳሳተ ሰው ወንበሩን ይለቅና ውድድሩ እስኪያልቅ ሳጥኑ ላይ ይቀመጣል። ሕጋችን ይህ ነው። ለማንም አያዳላም። አባ ሴቬሪኖም አንድ ዓመት ተቀምጠውበታል፤ አባ፣ ይስቃሉ አይደል?

ከሁላችን ይልቅ ሳጥኑ ላይ የኖረው ኒካኖር ነው። "አበልጄ፣ ሳጥኑ መቀመጫህን ለምዶታል፤ ገና ከሩቅ ሲያይህ ይሰፋል" እለው ነበር። ለምን ይሸነፍ ነበር? እኛ ጎበዙን ወርዋሪ ስንጠራ እሱ ያረፈውን ይጠራላ! አሠልጣኝ ደግሞ ጎበዙን ነው የሚያወጣው። "ያ ልጅ አሜሪካ ስንት ወር ሲወረውር ከርሟል፤ እሱ ይቀመጥ፣ ያረፈው ይውጣ" ይላል። "ለማረፍማ መቃብር አለ!" እንለውና እንስቃለን። ይቅር በለኝ፣ አበልጄ።

እሱ ግን ሁልጊዜ መልሱ አንድ ነበር። "ሸንኮራ ተቆርጦ ያቆጠቁጣል። ክንድ ሸንኮራ አይደለም።"

አንድ ዓመት አሸነፈን። ዋናው ወርዋሪ ሆዱን ታሞ ቀረ፤ ኒካኖር የጠራው ልጅ ወጣ። ወንበሩ ላይ እንደ ጳጳስ ተቀመጠ። እኔ ሳጥኑ ላይ ስቀመጥ ግን ብድግ ብሎ ወደ ጓዳ ገባ፤ የዶሚቲላን ትራስ ይዞ ወጣ። "ወገብህን ያምሃል" አለና ከሥሬ አነጠፈልኝ። እኔ ለእሱ ያን ሁሉ ዓመት ትራስ አምጥቼ አላውቅም። ሕጉ ላይ ትራስ የለማ!

እንግዲህ ያ የክንድና የሸንኮራ ቃል ከየት መጣ? ወጣቶቹ አታውቁም። ኦኔሲሞ፣ ልጄ፣ ቅር አይበልህ። አባትህ በሕይወት ሳለ አልተናገረውም፤ አብሮት እንዲቀበር ግን አልፈቅድም።

ይህ በሞተር ሳይክሉ ገበያ የሚያደርሳችሁ ኦኔሲሞ፣ በሃያ ዓመቱ የቡድናችን ወርዋሪ ሳለ፣ ኳሱ ከእጁ ሲወጣ ያፏጭ ነበር። የዋንጫው ዕለት ሜዳው ጢም ብሏል። ስድስተኛው ዙር ላይ ክንዱን ማራገፍ ጀመረ። ሰባተኛው ላይ ወደ እኛ ዞሮ አየ። እኛን አይደለም፤ አባቱን ነው ያየው። አሠልጣኙ ሊያስወጣው ተራመደ። ያን ጊዜ አግዳሚው ላይ ቆሞ፣ ባርኔጣውን እያወዛወዘ፣ "ተወው! የእኔ ልጅ ነው፣ ይጨርሳል!" ብሎ የጮኸው ማን ነበር? ከዚያ ሁሉ ሰው ድምፅ በላይ የተሰማው የማን ድምፅ ነበር?

የኒካኖር ነበር።

ልጁም ጨረሰ። አሸነፍን። በትከሻችን ተሸክመነው ከተማውን ዞርን። በማግስቱ ኦኔሲሞ ፀጉሩን ማበጠር አቃተው። ከዚያ ወዲህ ኳስ ወርውሮ አያውቅም።

ታዲያ ኒካኖር በየጥቅምቱ ሲሟገት ስለ ዋንጫ ይመስላችሁ ነበር? አንዴ ብቻ፣ ሁለታችን ብቻችንን ሳለን፣ "ሂላሪዮ፣ ያን ቀን ዝም ብል ኖሮ..." አለኝ። አልጨረሰውም። እኔም አላስጨረስኩትም። አንዳንዱን ነገር ወዳጅ አያስጨርስም።

ባለፈው እሑድ ደግሞ እንደ ልማዳችን ተሰበሰብን። ዘንድሮ ክርክር ያለበት አልመሰለንም። ዊልኪን አለና! ግራኙ ዊልኪን፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ የሰፈራችን ልጅ፣ ከአሜሪካ ገና መመለሱ ነው። ሁላችንም "ቅዳሜ ዊልኪን ይከፍታል" አልን። ኒካኖር የሰርዲን ቆርቆሮ እየደረደረ ነበር።

"ዊልኪን ቅዳሜ መወርወር የለበትም" አለ።

"ጀመረ ሟርተኛው!" አልኩ።

"ልጁ ክንዱን አሞታል።"

"ማን ነገረህ? ሐኪም ሆንክ?"

"ትናንት ሰርዲን ሊገዛ መጣ። ከላይኛው መደርደሪያ በቀኙ አወረደ።"

"ታዲያ በእግሩ ያውርድ?"

"ግራኝ ነው እኮ፣ አንተ ደንቆሮ! ግራኝ ሰው ከላይ ዕቃ በቀኙ ያወርዳል?"

"ለአንድ ቆርቆሮ ሰርዲን ብለህ ከተማውን ልታስለቅስ ነው?"

ሳቁ ሰፈሩን ሞላው። እሱ አልሳቀም። ጣቱን ቀሰረብኝ። "አንተ በቅሎ ነህ። ነገ ቤኒግኖ ዘንድ ሄጄ ራሴ እነግረዋለሁ" አለ። አሠልጣኛችን ቤኒግኖን ማለቱ ነው። ከዚያ በረዶ ላምጣላችሁ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። የሩዝ ጆንያ ላይ ቁጭ አለ። አልተነሳም።

ነገ የሚለው ቀን አልደረሰለትም። ቤኒግኖም አልሰማም።

ዛሬ አስከሬኑን ከቤተ ክርስቲያን ስናወጣ ዊልኪን ማንም ሳይጠራው መጥቶ ከጎኔ ቆመ። የደረሰው ቦታ በግራ ትከሻ የሚሸከሙበት ነበር። ደረጃውን እንደወረድን ፊቱ አመድ መሰለ። "ዶን ሂላሪዮ፣ እባክዎ ቦታ እንቀያየር" ብሎ አንሾካሾከልኝ። ለምን አላልኩትም። ተቀያየርን። የእኔ ትከሻ ሰማንያ ሊደፍን ነው፤ የእሱ ገና ሃያ ሁለት ነው። ከሁለታችን ዕረፍት መለመን የነበረበት የማን ትከሻ ነበር?

ዊልኪን፣ አትሸሸግ። አንገትህንም አትድፋ። ሌብነት አይደለም፣ ሕመም ነው። ከተማው አንተን ተስፋ እንዳደረገ አውቃለሁ። አመመኝ ካልክ ቦታህን ሌላ እንዳይወስደው እንደምትፈራም አውቃለሁ። ኦኔሲሞም ያን ቀን ይህንኑ ሲፈራ ነበር። ዞሮ ሲያይ ግን "ይበቃሃል፣ ና ውጣ" የሚለው አጣ። አንተ አታጣም። ይበቃሃል። ና ውጣ፣ ልጄ።

ቤኒግኖ! አንተ ዛፉ ሥር የቆምከው! ኒካኖር ሊነግርህ ያሰበውን እሱ ራሱ ባለበት ነግሬሃለሁ። ቅዳሜ ብንሸነፍ ሰዉ አንተን እንደሚሰድብ አውቃለሁ። እኔን ይስደብ። የት እንደምገኝ ሁሉም ያውቃል። ምን ትላለህ?

አያችሁ? ባርኔጣውን አወለቀ። "እሺ" አለ። ከኋላ ያልሰማችሁ ካላችሁ፣ እሺ ብሏል! አባ፣ እርስዎ ምስክር ነዎት።

ኦኔሲሞም ሄዶ ከዊልኪን አጠገብ ቆመ። ልጁ እያለቀሰ ነው። ተዉት፣ ያልቅስ። ለቅሶ ላይ አይደለን?

እንግዲህ ኒካኖር፣ አበልጄ፣ የቀረኝ ካንተ ጋር ነው።

የዘጠኙ ቀን ጸሎት ሳያልቅ በሐዘን ቤት ራዲዮ አይከፈትም። ዶሚቲላ ግን ዛሬ ጠዋት "ቅዳሜ እከፍተዋለሁ። ማን እንደሚወረውር ሳይሰማ አይተኛልኝም" ብላኛለች። ድምፁን ዝቅ አድርጋ ትከፍታለች። አባ ይህን አልሰሙም እንበል።

ራዲዮው ሌላ ስም ይጠራል። እኔ ደግሞ እሑድ ዊልኪን ብያለሁ። ተሳስቼ ነበር አልልህም፤ ልጁ ጤነኛ ቢሆን ኖሮ እኔ ነበርኩ ልክ! ግን ሕግ ሕግ ነው። ሳጥኑ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ትራስ የሚያመጣልኝ የለም፤ አልፈልግምም። ወንበሬን ላንተ ለቅቄያለሁ። ሌላ ሰው የተቀመጠበት እንደሆነ ከገጀራዬ ጋር ይነጋገራል።

ደህና ሁን፣ የሸንኮራ ባቡር ነጂው። ደህና ሁን፣ ሟርተኛው። ደህና ሁን፣ የኦኔሲሞ አባት። ሸንኮራው ለከርሞ ያቆጠቁጣል፤ አንተ አታቆጠቁጥም። ያዳንከው ክንድ ግን ያውልህ፣ ፊትህ ቆሟል።

ዕድሜህን ሙሉ ለሰው ዕረፍት ስትለምን ኖርክ። አሁን የአንተ ተራ ነው። አፈሩ ይቅለልህ፣ አበልጄ። ዕረፍ። ወንበሩ ያንተ ነው።